ከፍሪዳ ጥላ ወዲያ፦ የሜክሲኮ ሴት ሠዓሊያትና የተነፈጉት ግድግዳ

በኖቬምበር 2025 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሶዝቢስ የጨረታ አዳራሽ አንድ ሥዕል በ54.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሥዕሉ ሜክሲኳዊቷ ፍሪዳ ካሎ በ1940 የሣለችው ነው፤ እሷ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ከበላይዋ በአልጋው ጣሪያ ላይ ዐፅም ተጋድሞ የሚታይበት «ሕልም» የተሰኘ ሥራዋ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የአንዲት ሴት ሠዓሊ ሥራ በጨረታ ይህን ያህል ዋጋ አውጥቶ አያውቅም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተገጣጠሙት ቅንድቦቿ፣ በአበባ ያጌጠው ፀጉሯና ባለጥልፍ ቀሚሷ ዛሬ በከረጢት፣ በሲኒና በካናቴራ ላይ ታትመው በየአገሩ ይሸጣሉ። በሕይወቱ አንድም ዐውደ ርእይ ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ፊቷን ይለያል።

ይሁንና «ከፍሪዳ ሌላ አንዲት የሜክሲኮ ሴት ሠዓሊ ጥቀስ» ቢባል፣ የሥነ ጥበብ ወዳጅ ነኝ የሚለው ሳይቀር ይቸገራል። አንዳንዱ ሊዮኖራ ካሪንግተንን ወይም ሬሜዲዮስ ቫሮን ይጠራ ይሆናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋ እንግሊዝ፣ ሁለተኛዋ ስፔን ተወልደው የአውሮፓ ጦርነት ወደ ሜክሲኮ ያሰደዳቸው ናቸው። በሜክሲኮ ምድር ተወልደው፣ በአብዮቱ ማግስት ብሩሽ ያነሡት ሴቶችስ የት ገቡ? የሉም እንዳይባል ሥራዎቻቸው አሉ፤ አንዳንዶቹ በሕዝብ ሕንፃ ግድግዳ ላይ፣ በአደባባይ ይታያሉ። ታዲያ አንዲት ሴት ብቻ በዓለም ፊት ቆማ ሌሎቹ እንዴት ከመዝገቡ ወጡ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው የሠዓሊዎቹ ዕጣ ፈንታ ብቻ ሳይሆን፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ ነው።

የግድግዳው ዘመን

የሜክሲኮ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥነ ጥበብ ታሪክ በአመዛኙ የግድግዳ ታሪክ ነው። በ1910 የፈነዳው አብዮት ጋብ ሲል፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ሆሴ ቫስኮንሴሎስ የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ ለሠዓሊዎች ክፍት አደረገ። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ የአገሩ ታሪክ በሥዕል እንዲነገረው ታሰበ። በ1922 በብሔራዊ መሰናዶ ትምህርት ቤት የተጀመረው ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዓለምን ዐይን ሳበ። ዲዬጎ ሪቬራ፣ ሆሴ ክሌሜንቴ ኦሮስኮና ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ «ሦስቱ ታላላቆች» ተብለው የሜክሲኮ ሥዕል ማለት እነሱ እስኪመስሉ ድረስ ገነኑ።

በዚህ ግድግዳ ላይ ሴት አልታጣችም። እናት አገር ሆና፣ እናት ምድር ሆና፣ ሙሽራና አልቃሽ ሆና ሞልታለች። ሪቬራ በቻፒንጎ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1920ዎቹ አጋማሽ በሣለው ሥዕል፣ ለም ምድርን የምትወክለው ግዙፍ ዕርቃን ሴት ነፍሰ ጡር የነበረችው የራሱ ባለቤት ሉፔ ማሪን ናት። የጠፋችው በርብራቡ ላይ ወጥታ እርጥቡን ልስን የምትቀባው ሴት ናት። ግድግዳው የመንግሥት ነው፤ የመንግሥትን ግድግዳ የሚያገኘው ውል የተፈራረመ ነው፤ ውል የሚፈራረመው ደግሞ በፖለቲካ ማኅበሩ፣ በቡና ቤቱና በሚኒስቴሩ ኮሪደር የሚታወቅ ሰው ነው። የሜክሲኮ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1953 መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ታላቁ የግድግዳ ሥዕል ዘመን በአብዛኛው ያለፈው፣ ግማሹ ሕዝብ የመምረጥ መብት ሳይኖረው ነው።

የ1945ቱ ውል

የማሪያ ኢስኪየርዶ ታሪክ ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ ያጋልጣል። ኢስኪየርዶ በ1902 በሃሊስኮ ግዛት፣ ለድንግል ማርያም በዓል ምእመናን ከየአቅጣጫው በሚጎርፉባት በሳን ኹዋን ዴ ሎስ ላጎስ ተወለደች። በ14 ዓመቷ ለአንድ የጦር ሰው ተዳረች፤ ሦስት ልጆችም ወለደች። በ1920ዎቹ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ መጥታ በ1928 ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። በ1929 የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ሪቬራ የተማሪዎቹን ሥራ ሲመለከት የእሷን ለይቶ አሞገሰ። ሙገሳው ግን በረከት አልሆነላትም፤ ኋላ እንደተረከችው ወንዶቹ ተማሪዎች ቁጣቸውን የገለጹት ውሃ በመድፋት ነበር። ብዙም ሳትቆይ ትምህርት ቤቱን ተሰናበተች።

በ1930 ኒው ዮርክ በሚገኘው አርት ሴንተር የግል ዐውደ ርእይ አቀረበች። በዩናይትድ ስቴትስ ብቻዋን ሥራዋን ያሳየች የመጀመሪያዋ ሜክሲኳዊት ሠዓሊ ናት፤ ፍሪዳ ካሎ በዚያው ከተማ የግል ዐውደ ርእይ ያቀረበችው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1938 ነው። በ1936 ሜክሲኮን የጎበኘው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አንቶናን አርቶ ሥዕሎቿን አይቶ ተደነቀ፤ በአውሮፓ ተጽዕኖ ያልተበረዘ የነባሩን ሕዝብ መንፈስ አገኘሁባቸው ብሎም ጻፈ። ሙገሳው ከልብ ይሁን እንጂ ጉዳትም ነበረው። በትምህርት ቤት፣ በስቱዲዮ፣ ከሩፊኖ ታማዮ ጋር አብራ በሠራችባቸው ዓመታት ያካበተችውን ሙያ ትቶ፣ ሥዕሉን ከደም የወረሰችው ነገር አስመሰለው። የወንድ ሠዓሊ ሥራ «ጥናት» ሲባል የሴቷ «ተፈጥሮ» ይባላል፤ ተፈጥሮ ደግሞ አይደክምበትም፣ ክብርም አያሰጥም።

በ1945 የሜክሲኮ ሲቲ አስተዳደር የሕንፃውን ደረጃ ዙሪያ ግድግዳ እንድትሥል ከኢስኪየርዶ ጋር ተዋዋለ። በከተማዋ እምብርት፣ በታላቁ አደባባይ ዳር የሚገኝ ሕንፃ ነው። ለአንዲት ሴት ሠዓሊ እስከዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ አልተሰጣትም ነበር። ንድፎቹን አዘጋጅታ ለሥራው ስትሰናዳ ሪቬራና ሲኬይሮስ ተቃወሙ፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን የፍሬስኮ ልምድ የላትም አሉ። አስተዳደሩም ውሉን ሰረዘ። በምትኩ አነስተኛ ግምት የሚሰጠው ሌላ ሕንፃ ቢታሰብላትም አልተቀበለችም። በ1929 ከተማሪዎች ሁሉ ለይቶ ያሞገሳት ያው ሪቬራ፣ ከ16 ዓመት በኋላ በሩን ከዘጉት አንዱ ሆነ። ተማሪ ሳለች ማሞገስ ምንም አላስወጣውም ነበር፤ ግድግዳው ግን የራሱ የሥራ መስክ ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን የአገራችንን ተረት ሜክሲኮዎች ያውቁታል ለማለት አይቻልም፤ የዚያን ዓመት ውሳኔ ግን ከዚህ በተሻለ የሚገልጸው የለም።

ልምድ የሚባለው ሚዛን

ለፍርድ ያመች ዘንድ የሁለቱን ሠዓሊዎች ክርክር በቁም ነገር መመርመር ተገቢ ነው። ኢስኪየርዶ ከ1945 በፊት በሰፊ ግድግዳ ላይ ፍሬስኮ ሠርታ አታውቅም፤ ይህ እውነት ነው። ፍሬስኮ ደግሞ ምሕረት የለሽ ሙያ ነው። ቀለሙ ልስኑ ሳይደርቅ መቀባት አለበት፤ ልስኑ ከደረቀ በኋላ የተሳሳተውን ማረም የሚቻለው ቀርፎ እንደገና በመለሰን ነው። በትልቅ የሕዝብ ሕንፃ ውስጥ ጀማሪን ማሰማራት አደጋ አለው ማለት በራሱ ነውር አይደለም።

ነገር ግን ያው ሚዛን በሌሎቹ ላይ ቢቀመጥ ምን ይመዝናል? ሪቬራ በ1922 በመሰናዶ ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ የግድግዳ ሥዕሉን «ፍጥረት»ን ሲጀምር በግድግዳ ላይ ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ ያም ሥዕል ፍሬስኮ ሳይሆን በቀለጠ ሰም የተለወሰ ቀለም ነው። ቀጥሎ በትምህርት ሚኒስቴር ሕንፃ ፍሬስኮን ሲለማመድ የቁልቋል ጭማቂ ከቀለሙ ጋር እየደባለቀ ሞክሮ፣ ጭማቂው እየተበላሸ እድፍ ስለተወበት ዘዴውን ትቶታል። ሲኬይሮስ በዚያው በመሰናዶ ትምህርት ቤት የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ነው የተወው። ወንዶቹ የተማሩት በመንግሥት ግድግዳ ላይ፣ በመንግሥት ገንዘብ፣ እየተሳሳቱ ነው። ከኢስኪየርዶ የተጠየቀው ግን ግድግዳ ሳይሰጣት ግድግዳ ማወቅ ነው። ልምድ ከሥራ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ሥራውን ለመከልከል ልምድ ምክንያት ሲሆን ክርክሩ ክብ ሠርቶ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ከክቡ ውጭ የቀረው ከውጭ ይቀራል።

በዚያው በ1945 ሲኬይሮስ ከእኛ መንገድ በቀር ሌላ መንገድ የለም የሚል ርእስ የያዘ መጽሐፍ ማሳተሙ የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ርእሱ የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። መንገዱ አንድ ከሆነ የመንገዱ ጠባቂዎችም ጥቂት ናቸው። ኢስኪየርዶ ዝም አላለችም። በ1946 «ትራጄዲ»ና «ሙዚቃ» የተሰኙ ሁለት ተንቀሳቃሽ የፍሬስኮ ሰሌዳዎችን ሠርታ ሙያውን እንደምትችል በተግባር አሳየች፤ በጋዜጣም የሦስቱን የበላይነት በግልጽ ተቸች። ሰሌዳዎቹ ግን የፈለጉትን ግድግዳ አላገኙም። ለታሪክ ጸሐፊው የቀሩለት የታሰበ ሥራ ቁርጥራጮች ናቸው፤ በታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ያልተሠራ ግድግዳ ምዕራፍ አይሰጠውም።

«ሕያው ተፈጥሮ»

ለኢስኪየርዶ የሚገባት ክብር ግን ተበደለች ከሚል ሐዘኔታ ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መድከም ባላስፈለገ። ትልቁ ነገር ሸራዎቿ ናቸው። በ1940ዎቹ ደጋግማ የሣለቻቸው የቤት ውስጥ መሠዊያዎች ለምሳሌ ያህል ይጠቀሱ። በሜክሲኮ ልማድ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ባለው ዐርብ፣ በየቤቱ ለኀዘንተኛዋ ድንግል ማርያም መሠዊያ ይዘጋጃል፤ የማርያም ሥዕል፣ ሻማ፣ በሳህን የበቀለ ስንዴ፣ ወርቃማ ባንዲራ የተሰካባቸው ብርቱካኖች፣ ተቆርጦ ያጌጠ ወረቀት ይደረደርበታል። መሠዊያውን የምታዘጋጀው የቤቱ እመቤት ናት። ኢስኪየርዶ ይህን የሴቶች እጅ ሥራ ወስዳ፣ የግድግዳ ሠዓሊዎቹ ለጦር ሠራዊትና ለሠራተኛ ሰልፍ በሚሰጡት ክብደት ሣለችው። መጋረጃው እንደ ቴአትር መድረክ ይከፈታል፤ ብርቱካኑ ከማርያም ፊት እኩል ብርሃን ያገኛል፤ ቀዩ ከሐምራዊው አጠገብ ያለ ሐፍረት ይቀመጣል። እመቤቲቱ ራሷ አትታይም። ሆኖም እያንዳንዱ ነገር አንድ ሰው በጥንቃቄ ያስቀመጠው መሆኑን ይናገራል።

ሐያስያን ለረጅም ጊዜ እነዚህን ሥራዎች «የዋህ» እና «ሕዝባዊ» በሚሉ ቃላት ያልፏቸው ነበር። ቃላቱ ያመለጣቸውን ነገር የሠዓሊዋ አንድ ርእስ ይመልሰዋል። ስፓኞል ተናጋሪዎች የፍራፍሬና የዕቃ ሥዕልን፣ የእኛ ሠዓሊዎች ስቲል ላይፍ የሚሉትን፣ «የሞተ ተፈጥሮ» ብለው ይጠሩታል። ኢስኪየርዶ ዓሣውን፣ ፍራፍሬውንና የባሕር ቀንድ አውጣውን ከቤት አውጥታ በጭር ያለ ሜዳ ላይ ከሰማይ ሥር ደርድራ፣ ሥዕሉን «ሕያው ተፈጥሮ» አለችው። በአንድ ቃል ለውጥ ከጠረጴዛ ላይ ያለው ዕቃ ከጓዳ ወደ ሰፊው ዓለም ወጣ። ይህ የዋህነት አይደለም፤ የቋንቋንም የሥዕልንም ሕግ የሚያውቅ ሰው ጨዋታ ነው።

በ1947 የሣለችው «ሕልምና ቅድመ ስሜት» ደግሞ ሌላ ፈተና ይደቅናል። በሥዕሉ ላይ ሠዓሊዋ በመስኮት ቆማ የራሷን የተቆረጠ ጭንቅላት በፀጉሩ አንጠልጥላ ይዛለች፤ የተቆረጠው ፊት ያነባል፤ ፀጉሩ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ተቆራኝቷል። በ1948 ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በግራ እጇ እየሣለች እስከ 1955 ኖረች። በዚህ የተነሣ ሥዕሉ ዘወትር እንደ ትንቢት ይነበባል። ንባቡ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ሠዓሊዋን ወደ ሕልም ተርጓሚ ዝቅ ያደርጋታል። ሥዕሉ ከመታመሟ በፊት፣ ውሉ ከተነጠቀ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሣለ መሆኑን ላስተዋለ ግን፣ በገዛ እጇ የገዛ ራሷን ይዛ ለተመልካች የምታሳይ ሴት ምን እያለች እንደሆነ ለመረዳት ሕመሙ አያስፈልግም። ጭንቅላቷን ቆርጠው ቢጥሉትም የያዘችው እሷ ናት፤ የሣለችውም እሷ ናት።

መምህርቷ

ኢስኪየርዶ ግድግዳ ስትነፈግ፣ ግድግዳ ያገኘችም ነበረች፤ ስሟ ግን አልዳነም። አውሮራ ሬዬስ በ1908 በቺዋዋ ግዛት በኢዳልጎ ዴል ፓራል ተወለደች። ሠዓሊ ብቻ ሳትሆን ባለቅኔ፣ የመምህራን ማኅበር ታጋይና የሥዕል አስተማሪ ነበረች። በ1936 በሜክሲኮ ሲቲ በሴንትሮ ኤስኮላር ሬቮሉሲዮን ትምህርት ቤት የሣለችው ፍሬስኮ በሜክሲኳዊት እጅ የተሠራ የመጀመሪያው የግድግዳ ሥዕል ተብሎ ይታወቃል። ትምህርት ቤቱ የታነጸው የቀድሞው የቤሌን እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ያ 1936 ለአማርኛ አንባቢ ሌላም ትዝታ አለው። ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ የሆነችበት ዘመን ነው፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይና የምድር ባቡር ጣቢያ የዚያ ወዳጅነት ምልክቶች ናቸው። በውጭ ለተበደለ አገር ድምፅ ያሰማው መንግሥት በአገሩ ውስጥ የራሱ ደም ነበረበት። በ1934 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የትምህርት ሥርዓቱ ሶሻሊስታዊ እንዲሆን ሲወሰን፣ በገጠር የተሰማሩ መምህራን የመሬት ባለቤቶችና የአክራሪ ሃይማኖተኞች ጥቃት ሰለባ ሆኑ። ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ጆሯቸው የተቆረጠም ነበሩ።

የሬዬስ ሥዕል «በገጠር መምህራት ላይ የተፈጸመ ጥቃት» ይባላል። መምህርቷ መሬት ላይ ወድቃለች። አንዱ ሰው በአንድ እጁ ገንዘብ ጨብጦ በሌላው ፀጉሯን ይጎትታል፤ ሁለተኛው የጠመንጃውን ሰደፍ አፏ ላይ ያሳርፋል። ከምሰሶ ጀርባ የተሸሸጉ ሕፃናት ያያሉ። ሰደፉ ያረፈበት ቦታ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም፤ የምታስተምርበት አፍ ነው።

የዚህን ሥራ ኃይል ለመለካት ሪቬራ በ1923 በትምህርት ሚኒስቴር ግድግዳ ላይ ከሣላት «የገጠር መምህርት» ጋር ማስተያየት ይበቃል። የሪቬራ መምህርት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ተማሪዎቿ በዙሪያዋ ክብ ሠርተው፣ በፈረስ ላይ ያለ ታጣቂ ከአጠገባቸው ዘብ ቆሞላቸው መጽሐፍ ዘርግታ ታስተምራለች። ሥዕሉ ውብ ነው፤ የመንግሥት ተስፋ ሥዕል ነው። ከ13 ዓመት በኋላ ሬዬስ ስትሥል ዘበኛው የለም፤ ክቡ ፈርሷል። ራሷ መምህርት የነበረችው ሠዓሊ የሣለችው ተስፋው ያስከፈለውን ዋጋ ነው። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያላስቀመጠ የሜክሲኮ ሥነ ጥበብ ታሪክ፣ የአንድን ውይይት ግማሽ ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ይቆጠራል። የሪቬራው ሥዕል በየመጽሐፉ ታትሟል፤ የሬዬስ ግን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሚያውቀው የትምህርት ቤቱ ሰው ነበር።

በእርግጥ የሬዬስ ሥዕል እንከን የለሽ አይደለም። ገንዘብ የጨበጠው እጅ ትርጉሙን ከሚገባው በላይ ይጮኻል፤ የዘመኑ የፖለቲካ ፖስተር ጠባይ ተጋብቶበታል። ይህ ግን የብዙዎቹ የዘመኑ ግድግዳዎች ጠባይ ነው፤ ለወንዶቹ የታለፈው ለእሷም ይታለፍ ዘንድ ግድ ነው።

ሚስት፣ ረዳት፣ ባለንብረት ያልሆነ ስም

የመረሳት መንገዶች ብዙ ናቸው። አንደኛው ስም ነው። በ1933 ፍሪዳ ካሎ ከባሏ ጋር ዲትሮይት ሳለች አንድ የከተማዋ ጋዜጣ ያስተዋወቃት የታላቁ የግድግዳ ሠዓሊ ሚስት፣ በሥዕልም የምትደሰት በሚል መንፈስ ነበር። ዛሬ የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙው ዓለም ፍሪዳን የሚያውቃት እንዲሁ ነበር። በ1982 በለንደን ዋይትቻፕል ጋለሪ ከቲና ሞዶቲ ጋር የቀረበው ዐውደ ርእይና በ1983 የወጣው የሄይደን ኤሬራ የሕይወት ታሪክ ናቸው ነገሩን የገለበጡት። ማንም ያልተረሳ የሚመስለው ስም ራሱ ከመረሳት የተመለሰ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺዋ ሎላ አልቫሬስ ብራቮ ከ1903 እስከ 1993 ኖራለች። ባሏ ማኑኤል ሜክሲኮ ካፈራቻቸው ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የላቀ ተብሎ የተመሰከረለት ሲሆን፣ በ1930ዎቹ ከተለያዩ በኋላም በሥራ ስሟ የእሱን ስም ይዛ ቀጠለች። ስሙ በሩን ከፈተላት፤ ስሙ ጥላም ሆነባት። በ1950 ገደማ ያነሣችው «በራሷ እስር ቤት» የተሰኘ ፎቶ ይህን ሁሉ ሳይናገር ይናገራል፦ መስኮት ላይ የተደገፈች ሴት፣ ፊቷና ግድግዳው ላይ የብረት ፍርግርግ የመሰለ ጥላ ወድቆባታል። ፍርግርጉ ጥላ ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ ግን አትንቀሳቀስም። በ1953 ፍሪዳ በሕይወት ሳለች በአገሯ ያገኘችውን ብቸኛ የግል ዐውደ ርእይ በራሷ ጋለሪ ያዘጋጀችላትም ሎላ ናት። ያን ምሽት በአልጋዋ ሆና የመጣችው የፍሪዳ ታሪክ በየፊልሙ ተተርኳል፤ አዳራሹን የከፈተችው ግን በግርጌ ማስታወሻ ቀርታለች።

ሁለተኛው መንገድ «ረዳት» የሚለው ቃል ነው። በ1923 ጓቲማላ ሲቲ የተወለደችው ሪና ላሶ ሜክሲኮ መጥታ ከ1947 ጀምሮ ከሪቬራ ጋር ሠርታለች፤ በሆቴል ዴል ፕራዶ በተሣለው፣ ከ1985ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ወደ ራሱ ሙዚየም በተዛወረው የአላሜዳ ፓርክ ታላቅ ሥዕል ላይ እጇ አለበት። በብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም የሚታየው የጥንታዊው የቦናምፓክ ግድግዳ ሥዕሎች ቅጂ የእሷ ሥራ ነው። የማያዎችን ሥዕል ለማየት የሚመጣው ጎብኚ የሚያየው የላሶን እጅ ነው፤ እሷ በ2019 እስክታርፍ ድረስ የራሷን ሥዕል ስትሥል ኖራለች።

የመመለሻው መንገድና አደጋው

አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሊንዳ ኖክሊን በ1971 ባሳተመችው ዝነኛ መጣጥፍ፣ ለምን ታላላቅ ሴት ሠዓሊያት አልነበሩም የሚለውን ጥያቄ አንሥታ ጥያቄው ራሱ የተንሸዋረረ መሆኑን አሳይታለች፤ መልሱ ያለው በተሰጥኦ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ፣ በውሉና በተቋሙ ውስጥ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ የዚያ ትውልድ ድምፅ ከሆኑት አንዷ ሞኒካ ማየር ናት። በ1978 በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም «ልብስ ማስጫ» የተሰኘ ሥራ አቀረበች፤ የሜክሲኮ ሲቲ ሴቶች በከተማዋ ምን እንደሚያስመርራቸው በሮዝ ወረቀት ላይ እየጻፉ፣ 800 የሚደርሱ ወረቀቶች እንደ ታጠበ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጡ። የተናቀው የቤት ሥራ ዕቃ ሙዚየም ገባ። የኢስኪየርዶ መሠዊያ የልጅ ልጅ አገኘ ቢባል ያስኬዳል።

መንግሥትም ዘግይቶ ነቅቷል። በ2002 የኢስኪየርዶ ሥራዎች በሕግ የሚጠበቁ የአገር የሥነ ጥበብ ቅርስ ተባሉ። በሜክሲኮ ሲቲ የታላላቅ ሰዎች ዐፅም የሚያርፍበት የክብር መካነ መቃብር ለረጅም ዘመን «የታላላቅ ወንዶች» ይባል ነበር፤ በ2003 «የታላላቅ ሰዎች» ተብሎ ተለወጠ። በ2012 ኢስኪየርዶ እዚያ ስፍራ አገኘች። አንድ ቃል በበር ላይ እስኪለወጥ መጠበቅ ነበረባት። በ2017 ደግሞ ተመራማሪዋ ዲና ኮሚሳሬንኮ ሚርኪን የሜክሲኮን የሴት ግድግዳ ሠዓሊያት የሚመለከት ሰፊ መጽሐፍ አሳትማለች፤ ስሞቹ ከዚያ ወዲህ አይታወቁም ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ የመመለሻው መንገድ የራሱ ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው፣ የተረሱትን ሁሉ በአንድ አዳራሽ አሰባስቦ «ሴቶች» በሚል ርእስ ማሳየት ነው። ኢስኪየርዶና ሬዬስ በፖለቲካም በሥዕል ስልትም አይመሳሰሉም፤ አንዷ የግድግዳ ሠዓሊዎቹን የፕሮፓጋንዳ ጠባይ ስትተች ሌላዋ ታምንበት ነበር። በአንድ ሳጥን መክተት ልዩነታቸውን ማጥፋት ነው፤ ልዩነት የሌለው ሠዓሊ ደግሞ ሠዓሊ መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛው ወጥመድ የሕይወት ታሪክ ሥዕሉን መዋጡ ነው። በፍሪዳ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ አደጋው፣ ሕመሙ፣ የትዳሩ መከራ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀለሙን ማየት አስቸጋሪ ሆኗል። የኢስኪየርዶን ስትሮክ ከሸራዋ አስቀድሞ የሚያወራ ጽሑፍ ሌላ ፍሪዳ እየሠራ እንጂ ኢስኪየርዶን እያነበበ አይደለም።

ቋንቋም ከዚህ ነፃ አይደለም። ስፓኞል ወንዱን «ፒንቶር»፣ ሴቷን «ፒንቶራ» ይላል፤ በአማርኛ ግን «ሠዓሊ» የሚለው ስም ለሁለቱም ይሆናል፣ ጾታውን የሚናገረው ግሡ ነው። እንዲህ ያለ ገር ቃል እያለን «ሠዓሊ» ስንል ወንድ፣ ለሴቷ ደግሞ «ሴት» የሚል ቅጽል መጨመር ልማዳችን ሆኗል። ቅጽሉ ፍለጋው እስኪሠምር ድረስ ያገለግላል፤ ይህ ጽሑፍም ሊያመልጠው አልቻለም። ግቡ ግን ሥዕሉ ራሱ የሚነበብበት፣ በጎው የሚመሰገንበት፣ ደካማውም በእኩል ሚዛን የሚነቀፍበት ቀን ነው። ሐዘኔታ ፍትሕን አይተካም፤ ለሠዓሊ ፍትሕ ማለት መታየት፣ መመርመርና መመዘን ነው።

በሜክሲኮ ሲቲ የመንግሥት ሕንፃ ደረጃ ዙሪያ ሊሣል የታሰበው የኢስኪየርዶ ሥዕል ሳይሣል ቀረ። የሬዬስ መምህርት ግን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አለች። ሰደፉ አፏ ላይ እንዳረፈ ነው፤ ከምሰሶው ጀርባ የተሸሸጉት ሕፃናትም እስካሁን እያዩ ናቸው።